ሹፌሩ ወደ ኋላ አመለከተ

እትዬ የሻረግ ማረፋቸውን የሰማሁት ከክፍል ወጥቼ ወደ ማደሪያዬ ስሄድ ነው። እናቴ ከዱርቤቴ ደውላ «ሰብለ፣ ብቻሽን ነሽ?» ስትለኝ ሰው መሞቱ ገባኝ፤ ማን እንደሆነ ግን አልገመትሁም። ስማቸውን ስትጠራ ያልሁት ነገር አሁንም ያሳፍረኛል። «የት ሆነው?» አልሁ። ባሕር ዳር ከተመለሱ ሰባት ወር ሆኗቸው ነበር። ቤታቸው ከምማርበት ከፔዳ ግቢ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ባለፈው እሑድ እንኳ ምሳ አብልተውኛል። በእኔ ሐሳብ ግን አሁንም ሉክሰምበርግ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ነበሩ።

ልጃቸው ትዕግሥት ከዚያ አገር ተነሥታ የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ድንኳኑ ሳይነሣ ወደ ጓዳ ጠርታኝ በሩን ገፋ አደረገችው።

«እኔ ስንት ቀን ለምኛት እንቢ ያለችኝን ሴትዮ አንች በአንድ ስልክ ምን ብለሽ ነው የመለስሻት?» አለችኝ።

ቁጣ አልነበረባትም፤ የምር ግራ ገብቷት ነው። ልነግራት ጀመርሁ። ግን ስለ አውቶቡሱ ስጀምር ስለ ፋብሪካው ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ስለ ፋብሪካው ስጀምር የደሳለኝ ነገር ይመጣል፤ ሁሉም ተደበላለቀብኝ። «ልጻፍልሽ» አልኋት። ይኸው ሞከርሁ። ሌላ ሰው ቢያነበውም እንዲገባው፣ ትዕግሥት የምታውቀውንም ጨምሬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

እትዬ የሻረግን ለማያውቅ ሰው ከእጃቸው መነሣት ይሻላል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። እናቴም ዱርቤቴ ሳትዳር በፊት አጠገባቸው ቆማ ትሠራ ነበር፤ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እሳቸው ቤት ተቀምጬ የተማርሁት በዚህ ትውውቅ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም ይሉ ነበር። ስለዚህ ሠራተኞቹ በእጅ ያወራሉ። ሁለት ጣት እንደ መቀስ ከተከፈተ ክር ተበጥሷል። መዳፍ ሆድ ላይ ካረፈ ምሳ ደርሷል። አውራ ጣት ወደ ትከሻ ከዞረ ኃላፊው ከኋላሽ ቆሟል። ጡረታ ሲወጡ ጆሯቸውን እዚያው ትተው ነው የወጡት። ከቅርብ ካልሆነ አይሰሙም፤ ሰው ሲያናግራቸው ከንፈሩንና እጁን ያያሉ።

ገበያ አብሬያቸው ስሄድ ሽንኩርት ሻጩ «መጨረሻው ነው፣ እናቴ» ይላል። እሳቸው ወደ እኔ ዞር ይሉና፣ በሹክሹክታ የተናገሩ እየመሰላቸው፣ ገበያው እስኪሰማ «ይቀንሳል» ይላሉ።

«መጨረሻው ነው ብሏል እኮ፣ እትዬ።»

«እኔ እጁን ነው የማየው፤ አፉን ተይው። ከሚዛኑ ላይ መቼ አነሣ?»

ሻጩ ይስቅና ይቀንሳል።

ሌላው የማልረሳው ነገራቸው ታክሲ ላይ ነው። ሒሳብ ለመስጠት እጃቸውን ሲዘረጉ ረዳቱ «ተከፍሏል፣ እናት» ብሎ በጣቱ ወደ ኋላ ያመለክታል፤ ከኋላ ወንበር አንዱ የሠፈር ልጅ አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ ይላል። ይህ በማንም ላይ የሚደርስ ነው፤ ሰው «ይስጥልኝ» ብሎ ይወርዳል። እትዬ የሻረግ ግን ማን እንደከፈለላቸው ሳያውቁ መውረድ አይሆንላቸውም። አንድ ቀን ከፔዳ ወደ ገበያ ስንሄድ ረዳቱ ወደ ኋላ አመለከተ፤ ከኋላ የነበሩት አራት ሰዎች ግን ሁሉም በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። መውረጃችን ሲደርስ እትዬ አልተነሡም።

«እትዬ፣ አለፈን እኮ።»

«ይለፈን። የከፈለው የትም ይውረድ፣ አብሬው እወርዳለሁ።»

«አራቱም የተለያየ ቦታ ቢወርዱስ?»

«መጨረሻ የሚወርደው ነው። የሚያፍር ሰው መጨረሻ ነው የሚወርድ።»

እንዳሉትም ሆነ። ታክሲው መጨረሻው ላይ ሲቆም አንድ ጎልማሳ ሰውዬ «እትዬ፣ ፈትል ክፍል ያስተማሩኝ ነኝ። አንድ ቀን በጥፊ መትተውኛል» አለ። ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ገበያ ድረስ በፀሐይ በእግራችን ተመለስን፤ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ እሳቸው መንገዱን ሙሉ ይስቃሉ። «በጥፊ የመታሁትም ይከፍልልኛል፤ አየሽልኝ?»

ሳቃቸው የሚቆመው የታናሹ ልጃቸው የደሳለኝ ስም ሲነሣ ነው። ደሳለኝ በመተማ በኩል ወጥቶ፣ ከብዙ እንግልት በኋላ፣ ሉክሰምበርግ እኅቱ ዘንድ ደረሰ። ትዕግሥት ለትምህርት ሄዳ እዚያው የቀረች ናት፤ አረጋውያንን ትንከባከባለች፤ ወረቀቷ የተሟላ ነው። የሱ የጥገኝነት ማመልከቻ ግን ተቀባይነት አላገኘም። አንድ ጠዋት ከእኅቱ ጋር ተጣልቶ ወጣ። በምን እንደተጣሉ አልጽፍም። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ተነሥቶ አያውቅም፤ ሁለት ዓመት አለፈ። ትዕግሥት «ሌላ አገር ገብቶ ይሆናል» ትላለች። እትዬ የሻረግ «አፍሮ ነው እንጂ እዚያው ነው» ይሉ ነበር።

ትዕግሥት በፊርማዋ ተጠያቂ ሆና የሦስት ወር ቪዛ አስገኘችላቸው። እኛ ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄዱ አልን። እሳቸው የሄዱት ወንዱን ሊፈልጉ ነው። የነገሩኝ ሲሰናበቱኝ ነበር።

«ለትዕግሥት እንዳትነግሪያት። ከቤት አታስወጣኝም።»

«ይሁን፣ እትዬ» አልሁ። ሰውን እንቢ ማለት ይከብደኛል።

ከንፈር ካላዩ ስለማይሰሙ በምስል መደወል ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ትዕግሥት ፈቃድ ወስዳ አዞረቻቸው። ሲሳፈሩ ማንም ሲከፍል አላዩም። «ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቋት «ተይው እማዬ፣ አይከፈልም» አለቻቸው። ትዕግሥት እውነቱን ነው የነገረቻቸው። ግን እኛ ዘንድ ቀድሞ የከፈለ ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው። እትዬ የሻረግም «ልጄ በስልኳ ከፍላለች» ብለው ተዉት።

ትዕግሥት ወደ ሥራዋ ስትመለስ ብቻቸውን ወጡ። የዚያን ቀን ሲደውሉልኝ ከቤተ መጻሕፍት ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። የትዕግሥትን ጥቁር ካፖርት በነጠላቸው ላይ ደርበዋል።

«ሰብልዬ፣ ተከፈለልኝ» አሉ።

«ምኑ?»

«አውቶቡሱ ነዋ። ሳንቲም ለሹፌሩ ዘረጋሁለት፤ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ዘረጋሁ። ፈገግ አለና ወደ ኋላ አመለከተኝ።»

«እንዴት አድርጎ?»

መዳፋቸውን ከፍተው በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ አሳለፉት። ረዳቶቻችን እንደሚያደርጉት ነው፤ ልዩነት የለውም።

«ዞር ብዬ አየሁ። መጨረሻ ወንበር ላይ አንድ ቀጭን ልጅ፣ ጥቁር፣ የሹራቡን ቆብ ዐይኑ ድረስ ስቦ ተቀምጧል። ስደርስበት ወረደ።»

«ደሳለኝን ይመስላል?»

«ፊቱን አላሳየኝም። ፊቱን የሚደብቀኝ ሌላ ማን አለ?»

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም፤ እኔም አመንኋቸው። አውቶቡስ በነጻ የሚሄድበት አገር አለ ብሎ ማን ያስባል? «እግዜር ይመስገን፣ እትዬ» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ ደሳለኝን መፈለግ ሥራችን ሆነ። ትዕግሥት ስትወጣ እሳቸውም ይወጣሉ። አውቶቡስ ሲመጣ ስልኩን ወደ ግንባሩ ያዞሩልኛል፤ እኔ ቁጥሩንና የከተማውን ስም አንብቤ፣ ካርታ ላይ ፈልጌ፣ «ይሄ ወደ ሰሜን ነው፤ ሲመለሱ ከመንገዱ ማዶ ይጠብቁ» እላቸዋለሁ። ባሕር ዳር ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ብቻቸውን ይሳፈራሉ፤ ሲመለስ የት እንዳሉ አናውቅም።

«ምን ይታይዎታል፣ እትዬ?»

«ከብት።»

«ሌላስ?»

«ከብት ብቻ። የጠገበ።»

አንድ ጊዜ አውቶቡሱ ሐይቅ ዳር ወስዷቸው ስልኩን አዞሩልኝ። ንጹሕ ነው፣ ዳክዬ አለበት፣ ዙሪያውን ሰው ይሮጣል። «ይችንም ሐይቅ ይሏታል» አሉ፤ «ጣና አጠገብ ብትቀመጥ ማን ያያታል?»

በየአውቶቡሱ ሳንቲማቸውን ይዘረጋሉ፤ በየአውቶቡሱ ሹፌሩ ወደ ኋላ ያሳያቸዋል። ባቡር ላይ የሚዘረጉለት ሰው እንኳ አጡ፤ «ባቡሩንም ቀድሞ ጨርሶታል» አሉኝ። ከኋላ አንዳንዴ ጥቁር ልጅ ይኖራል፣ ደሳለኝ አይደለም፤ አንዳንዴ አሮጊቶች ብቻ ናቸው።

«እትዬ፣ እንዴት በሁሉም አውቶቡስ ላይ ይገኛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለሹፌሮቹ አደራ ብሏቸው ይሆናል። ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ስትመጣ እናቴ ናት ብሎ።»

አንድ ቀን ዳቦ ቆሎ ሠርተው በፌስታል ቋጥረው ወጡ። በኋላው ወንበር ላይ አስቀምጠው ወረዱ፤ እሳቸው ከወረዱ በኋላ ደሳለኝ መጥቶ እንዲያነሣው ነው ሐሳባቸው። አንዲት ወጣት ከአውቶቡሱ ዘላ ወርዳ፣ እየሮጠች ደርሳ፣ ፌስታሉን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ሲደውሉልኝ ዐይናቸው ቀልቷል።

«መልሶ ላከብኝ። አልበላልሽም አለኝ።»

«እትዬ፣ የረሱት መስሏት ይሆናል እኮ።»

«እጇን አየሁት። ውሰጂው ነው የሚለው።»

ያን ዕለት አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ተሰማኝ። ማታውን ስለዚያ አገር አውቶቡስ የተጻፈ መፈለግ ጀመርሁ፤ ለመንገደኞች በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ አገኘሁ። የአገሩ ሰውም ሆነ እንግዳ፣ በአውቶቡስም በትራምም በባቡርም፣ ማንም አይከፍልም ይላል። ትኬት የሚባል የለም፤ የሚከፈልበት የባቡሩ አንደኛ ማዕረግ ብቻ ነው። እንግሊዝኛዬን ስለማላምነው ለጓደኛዬም አስነበብኋት። «ነጻ ነው ይላል፣ ምኑ ነው ያልገባሽ?» አለችኝ። ሁሉም ገብቶኛል። ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲያመለክት «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ነበር የሚላቸው።

ዐሥር ቀን ዝም አልሁ። ብነግራቸው ልጃቸውን ከእጃቸው የምነጥቅ መሰለኝ። ባልነግራቸው ደግሞ በውሸት አገር እያዞርኋቸው ነው። ሲደውሉ እንደ ወትሮው «ይሄ ወደ ደቡብ ነው፣ እትዬ» እላለሁ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን የደወለችው ትዕግሥት ነበረች።

«ሰብለ፣ እማዬ አልመለስም አለችኝ። ቪዛዋ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል፤ የመመለሻ ትኬቷ ዓርብ ነው። የፈረምሁላት እኔ ነኝ፤ ብትቀር ዳግመኛ ቪዛ አታገኝም፣ እኔም ችግር ውስጥ እገባለሁ። ለምን እንደሆነ አትነግረኝም። ከአንች ጋር ብቻ ነው የምታወራው። የምታውቂው ነገር አለ?»

«ላናግራቸው» አልኋት።

በማግሥቱ ጠዋት ደወልሁ። አንድ ፌርማታ ላይ ተቀምጠው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። እኔ ከሎጂክ ክፍል በር ላይ ነበርሁ፤ መምህሩ ገብቶ ትምህርቱን ጀምሯል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«በይ።»

«አውቶቡሱ ለሁሉም ነጻ ነው። ለርስዎ ብቻ አይደለም። ማንም አይከፍልም፣ እንግዳም ቢሆን።»

ወይ አልሰሙኝም፣ ወይ እንዳልሰማ ሰው ሆኑ። ደገምሁት። ሦስተኛውን በእጄ አደረግሁት፤ በጣቴ ዙሪያውን ሁሉ አመለከትሁና ባዶ መዳፌን ገለበጥሁላቸው። ያኔ ስልኩን ወደ ፊታቸው አቀረቡት።

«ማን አለሽ?»

«አነበብሁት። የአገሩ ሕግ ነው።»

«ሹፌሩ ደመወዝ የለውም?»

«አለው።»

«ማን ይሰጠዋል?»

«መንግሥት።»

«መንግሥት ከየት አመጣው?»

«ከግብር። ከሚሠራው ሰው ላይ ይቆረጣል፤ ከትዕግሥትም።»

«ከኛም ይቆረጥ ነበር» አሉ። «ደሳለኝ ከሠራ ከሱም ይቆረጣል።»

«ወረቀት ከሌለው አይቆረጥበትም፣ እትዬ» አልሁ። ፊታቸው ሲወድቅ አየሁ። ያን ጊዜ ቶሎ ብዬ «ግን ዳቦ ሲገዛም፣ ልብስ ሲገዛም ታክስ ይከፍላል። ዋጋው ውስጥ አለ» አልኋቸው።

ይህን ያልሁት እውነት ስለሆነ ይሁን ደስ እንዲላቸው ብዬ፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

«እንግዲያው ከፍሏል» አሉ።

«ለርስዎ ብሎ ግን አይደለም።»

«ዳቦ ሲገዛ እኔን ያስብ አያስብ በምን አወቅሽ?»

ይህን ንግግር በኋላ ደብተሬ ላይ በየተራ አስፍሬ፣ መምህራችን እንዳሳየን ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጌያለሁ። ዳቦ የሚገዛ ሁሉ ይከፍላል። ደሳለኝ ዳቦ ይገዛል። ስለዚህ ደሳለኝ ይከፍላል። እስከዚህ ትክክል ነው። የጎደለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ሊሞላው አይችልም። ያን ጊዜም ስልኩን እንደያዝሁ ይኸው ጎደሎ ታይቶኝ፣ ልነግራቸው ይገባል ብዬ አሰብሁ። ጀምሬያለሁና ግማሹን እውነት ነግሬ ግማሹን መተው ልክ አልመሰለኝም።

«እዚያ አገር ካለ ነው፣ እትዬ» አልሁ።

ከንፈሬን አዩት።

«ካለ» አሉ።

እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ለሁለት ዓመት «እዚያው ነው» ነበር የሚሉት።

አውቶቡሱ መጣ። ፊት ለፊታቸው ቆሞ በሩ ሲከፈት ሰማሁት። የሚጠብቀው ሌላ ሰው አልነበረም። ሹፌሩ ጥቂት ጠበቃቸው መሰለኝ። እትዬ የሻረግ ከተቀመጡበት ሳይነሡ መዳፋቸውን ዘርግተው በዝግታ ገፋ አደረጉት፣ ሂድ እንደማለት። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ሲያልፍ ጥላው በፊታቸው ላይ ሄደ። ቀና ብለው አላዩትም፤ ከኋላ ማን እንደተቀመጠም አልፈለጉም። እኔን ነበር የሚያዩት።

«ትኬቱ ዓርብ ነው ያለችኝ?»

«ዓርብ ነው፣ እትዬ።»

«በይ፣ አስተማሪሽ ጀምሯል። ግቢ።»